ራውንድ ላይ «አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?» ተባልኩ፤ ሶሻል ወርክ ተማሪ ከሐኪምና ከነርስ ጋር መሥራትን የት ነው የሚማረው?

ፊልድ_ላይ_ነኝ | ሰኞ ማታ 3፡20

ሰላም ለዚህ ቤት። ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

የሶሻል ወርክ ተማሪ ነኝ፣ የመጨረሻ ዓመት። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሆስፒታል ፊልድ (የተግባር ልምምድ) ከወጣሁ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። የትኛው ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ። የመጀመሪያ ቀን ነርሲንግ ከምትማር የአክስቴ ልጅ ጋውን ተውሼ ለብሼ ሄድኩ። ትልቅ ስህተት! ሜዲካል ዋርድ ገና እግሬ እንደገባ አንዲት አስታማሚ «ሲስተር፣ ግሉኮሱ አልቋል» ብላ እጄን ይዛ ጎተተችኝ። እኔ ሶሻል ወርከር ነኝ ስላት «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» አለችኝ። እሱን ላስረዳት ስንተባተብ እውነተኛዋ ሲስተር መጥታ ግሉኮሱን ቀይራ ሄደች።

በማግስቱ ያለ ጋውን ሄድኩ። ራውንድ (ሐኪሞቹ ታካሚዎችን እየዞሩ የሚያዩበት) ላይ ከኋላ ቆምኩ። ሲኒየሩ (ስፔሻሊስቱ)፣ ሬዚደንቱ (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማረው ሐኪም)፣ ኢንተርኖቹ (የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪዎች)፣ ሁለት ነርሶች አሉ። ሬዚደንቱ ዞር ብሎ «አንቺ ደግሞ ማን ነሽ? ቤተሰብ ከሆንሽ ውጪ ጠብቂ» አለኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ በእውነት ማን እንደሆንኩ አላወቀም። ከዚያ ወዲህ የሚሰጠኝ ሥራ ሁለት ብቻ ነው። ጠያቂ የሌለው ታካሚ ካለ ቤተሰቡን ፈልጊ፣ የነፃ ሕክምና ወረቀት የሚያስፈልገው ካለ ሮጠሽ አስጨርሺ። በቃ።

የሚያበሳጨኝ ግን እነሱ አይደሉም። «መልቲዲሲፕሊነሪ ቲም» (የተለያዩ ሙያዎች ቡድን) የሚለውን ነገር ፈተና ላይ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት ቤት ይቁጠረው። ከአንድ የሜዲስን ወይም የነርሲንግ ተማሪ ጋር ግን አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ተምሬ አላውቅም። ካፌ ወረፋ ላይ ካልሆነ በቀር ተገናኝተን አናውቅም።

አንድ ታካሚ ልንገራችሁ (ዝርዝሩን ቀያይሬዋለሁ)። ስኳር ያለባቸው አንድ አባት ናቸው። በጥቂት ወራት ውስጥ ሲተኙ ይህ ሦስተኛቸው ነው። ስኳራቸው ሰማይ ነክቶ ይመጣሉ፣ ይስተካከልላቸዋል፣ ይወጣሉ፣ ይመለሳሉ። ቻርታቸው ላይ የሚወጉትን መድኃኒት፣ ኢንሱሊኑን፣ በአግባቡ አይወስዱም ተብሎ ተጽፏል። እኔ ሁለት ቀን ከሰዓት አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ከገጠር መጥተው የሕንፃ ግንባታ ቦታ ዘበኛ ሆነው ነው የሚኖሩት። የሚያድሩት እዚያው በተሠራች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው። ስንቃቸውንም መድኃኒታቸውንም አይጥ እንዳይነካባቸው በፌስታል አድርገው ከጣሪያው ስር ያንጠለጥላሉ። በቀን አንዴ ነው የሚበሉት። ልጆቻቸው ደውለውላቸው አያውቁም። እኔን የነካኝ ብቸኝነታቸው ነው። ስድስት ገጽ ሪፖርት ጻፍኩ። ማንም አላነበበውም።

እና ጥያቄዬ፦ ከሐኪም፣ ከነርስ፣ ከፋርማሲስት ጋር አብሮ መሥራት የሚባለውን ነገር እናንተ የት ተማራችሁት? ወይስ ሁላችንም እንደ እኔ እየተገፋን ነው የምንማረው?

ኢንተርን_ሌሊት_ተረኛ | ሰኞ ማታ 4፡05

እህቴ፣ አልዋሽሽም። ስድስት ገጽ እኔም አላነብም።

በንቀት እንዳይመስልሽ። ጠዋት ሞርኒንግ ሴሽን ላይ ሌሊት የገባውን ታካሚ ሁሉ አቀርባለሁ። ከዚያ ራውንድ፣ ከዚያ ላብ ውጤት ማሳደድ፣ ከዚያ ኦርደር መጻፍ። አንድ ወረቀት ሲሰጠኝ መጀመሪያ የማየው ርዝመቱን ነው። ስለዚህ የምታውቂውን ነገር በአንድ ደቂቃ መናገር ልመጂ። እኛ ኤስባር የምንለው አቀራረብ አለ፣ ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች ወደ ሆስፒታል የገባ ነው። አሁን ምን ተፈጠረ፣ ከበስተጀርባው ምን አለ፣ አንቺ ምን ይመስልሻል፣ ምን ይደረግ ትያለሽ። አራት ነገር ነው። የአንቺ ሪፖርት ሁለተኛውን ብቻ ስድስት ገጽ ያደረገው ይመስለኛል። አራተኛው የለበትም። ከእኔ ምን እንደምትፈልጊ ካልነገርሽኝ ወረቀቱን ቻርቱ ውስጥ እከተዋለሁ፣ አለቀ።

ደግሞ እኔም ልናዘዝ። ሶሻል ወርከር ምን እንደሚሠራ ማንም አስተምሮኝ አያውቅም። ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ካርድ ክፍል አካባቢ ያለ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ፋርማሲው_ጥግ | ሰኞ ማታ 4፡40

ቆይ ቆይ ቆይ። ሁላችሁም ያለፋችሁት ነገር አለ።

ኢንሱሊኑን የቆርቆሮ ጣሪያ ስር ነው የሚያንጠለጥሉት??

እህት፣ እኝህ አባት መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እየወጉ ሊሆን ይችላል። የሚወጉት ግን የሞተ መድኃኒት ሊሆን ይችላል! ያልተከፈተ ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ። ተከፍቶ እየተወጋ ያለው አብዛኛው ዓይነት ከፍሪጅ ውጪ ወደ 4 ሳምንት ገደማ ይቆያል፣ እሱም ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ እስካላለፈ ድረስ ነው። እኩለ ቀን ላይ የቆርቆሮ ቤት ጣሪያ ስር ስንት ዲግሪ እንደሚሆን በቆርቆሮ ቤት ያደገ ሰው ያውቀዋል። እኔ አድጌበታለሁ። አዲስ አበባ ብርድ ናት የሚለውን ለቱሪስት ንገሩት።

ስንት ብልቃጥ በአንዴ እንደሚሰጣቸውም ጠይቂያቸው። የሁለት ወር አንድ ላይ ከወሰዱ ሁለተኛው ብልቃጥ ሳይከፈት ነው የሚበላሸው።

ፊልድ_ላይ_ነኝ | ሰኞ ማታ 4፡52

ወይኔ።

ፌስታሉ ሪፖርቴ ላይ ገጽ አራት ላይ ነበረ። የኑሮ ሁኔታ በሚለው ስር ነው የጻፍኩት፣ ለድህነታቸው ማሳያ እንዲሆን ብዬ። ኢንሱሊን በሙቀት እንደሚበላሽ አላውቅም ነበር። ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ኢንተርን_ሌሊት_ተረኛ | ሰኞ ማታ 4፡58

እኔ ደግሞ ኢንሱሊን በሙቀት እንደሚበላሽ አውቃለሁ፣ ግን የት ነው የምታስቀምጡት ብዬ አንድም ታካሚ ጠይቄ አላውቅም። ይወስዳሉ አይወስዱም ነው ጥያቄያችን። ተኝተው ሲሰጣቸው የሚስተካከለው የእኛ ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ ስላለ ነው ማለት ነዋ። እሱን አይተን ደግሞ ቤት ሲሄዱ አይወስዱም ብለን ደመደምን። ጉድ ነው።

ሲስተር_ከጎንደር | ማክሰኞ ጠዋት 1፡15

ደህና አደራችሁ ልጆች። አሁን ከተረኛ ወጥቼ ነው ያነበብኩት።

መጀመሪያ ስለ አባታችን። ፍሪጅ የሌለው ሰው ምን ያድርግ የሚለው መልስ አለው፣ ለስኳር ታካሚ ስናስተምር ኖረናል። የሸክላ ማሰሮ፣ ውስጡ ውሃ የጠጣ አሸዋ፣ ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልሎ እዚያ ውስጥ፣ ላዩን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ ጥላ ቦታ ማስቀመጥ። ሸክላው ሲተነፍስ ያቀዘቅዛል። እናቶቻችን ውሃ በእንስራ ያቀዘቅዙ የለ? እሱው ነው። እሳቸው ደግሞ የግንባታ ቦታ ነው ያሉት፣ አሸዋ አይቸግራቸውም።

ሁለተኛ፣ በቀን አንዴ ነው የሚበሉት ያልሽው ነገር ከፌስታሉ ባልተናነሰ አስፈርቶኛል። አሁን ጥሩ ኢንሱሊን ሰጥተን በባዶ ሆድ ከወጉት ስኳራቸው ወርዶ ሌሊት ብቻቸውን ሊወድቁ ይችላሉ። ዘበኛ ናቸው፣ ማን ያገኛቸዋል? ስለዚህ ዶክተሩ ዶዙን ከማስተካከሉ በፊት ይህን ማወቅ አለበት። ይህን ያወቅሽው ግን አንቺ ብቻ ነሽ።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ። እኔ የተማርኩት ጎንደር ነው። የጎንደር ጤና ኮሌጅ በ1954 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ጀምሮ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን (የአካባቢ ጤና ባለሙያ) ጎን ለጎን እያስተማረ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሰማሩ ነበር የታሰበው። ይህን ያልኩት እኛ አገር ነገሩ አዲስ እንዳይመስላችሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አብሮ ስለመማር ትልቁን ሰነድ ያወጣው በ2010 ነው፣ እኛ ከዚያ በፊት ስንት ዘመን ስንሠራው ነበር። በእኔም ጊዜ ቲቲፒ የሚባል የቡድን ስልጠና ነበር፣ ጅማም አለ። ከሜዲስን፣ ከነርሲንግ፣ ከላብራቶሪ፣ ከፋርማሲ ተማሪዎች ጋር አንድ ጤና ጣቢያ ተመድበን ለሳምንታት አብረን ሠራን፣ አብረን ወጥ ሠራን፣ በወጡ ተጣላን። አሁን ሐኪም የሆነ ልጅ በዚያ ጊዜ ሽንኩርት ሲልጥ አይቼዋለሁና ዛሬ ሐሳቤን ስነግረው አልፈራውም። ስልጠና ማለት ለእኔ ያ ሽንኩርት ነው።

ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ሶሻል ወርክ ተማሪ አብሮን አልነበረም። አንድም።

ዲግሪ_ይዤ_ቤት | ማክሰኞ ረፋድ 4፡30

ሁላችሁም ቆንጆ ትናገራላችሁ። እኔ በሶሻል ወርክ ከተመረቅኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ያገኘሁት ሥራ ሽያጭ ነው። ዞኑ፣ ወረዳው፣ ሆስፒታሉ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር ቆሜ ጸጉሬ ሊሸብት ነው። ነርስ 6፣ ላብ ቴክኒሺያን 3፣ ፋርማሲ 2፣ ሾፌር 1። ሶሻል ወርከር? ዜሮ። መዋቅሩ ላይ የሌለን ሰው ከማን ጋር እንዲተባበር ነው የምታሰለጥኑት? መጀመሪያ ወንበሩን አምጡ፣ ከዚያ እንዴት እንደምንቀመጥ እንማራለን።

ፋርማሲው_ጥግ | ማክሰኞ ረፋድ 4፡41

ብሶትህ ይገባኛል ወንድሜ። ግን ክሊኒካል ፋርማሲስትም ዋርድ ውስጥ ወንበር አልነበረውም። የፋርማሲ ትምህርት ወደ ታካሚ ሲዞር መጀመሪያ የወጡት ልጆች ራውንድ ላይ ሲቆሙ «መስኮትህ ጋ ሂድ» ይባሉ ነበር። ዶዝ ሲያርሙ፣ እርስ በርስ የሚጣላ መድኃኒት ሲይዙ ነው ሐኪሞቹ ራሳቸው «ፋርማሲስቱ የታለ?» ማለት የጀመሩት። ወንበሩ እየተሠራ ነው የመጣው። የእናንተ ይቀላል አላልኩም።

ዲግሪ_ይዤ_ቤት | ማክሰኞ ረፋድ 4፡50

እናንተ መድኃኒት ነበራችሁ በእጃችሁ። እኛ ወሬ ነው ያለን ይሉናል።

ፋርማሲው_ጥግ | ማክሰኞ ረፋድ 4፡53

ትናንት ማታ የታየው ያ «ወሬ» ነው እኮ ምርመራውን የቀየረው።

ቾክና_ዳስተር | ማክሰኞ ከሰዓት 9፡10

ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የማልፈው፣ ዛሬ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። የማስተምረው ይህንኑ ሙያ ነው።

ሐኪሞቹ ለምን አያውቁንም ለሚለው አንዱ ምክንያት ታሪክ ነው። አዲስ አበባ ላይ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው። በደርግ ዘመን ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት መሆኑ ቀረ። የማስተርስ ፕሮግራሙ በ2004 እ.ኤ.አ. ነው ዳግም የተጀመረው። በመካከል ያለውን ቁጠሩት፣ ወደ 30 ዓመት ነው። ዛሬ ሲኒየር የሆነው ሐኪም፣ ሜትሮን (የነርሶች ኃላፊ) የሆነችው ነርስ ብዙዎቹ የተማሩት ሶሻል ወርከር የሚባል ሰው ግቢው ውስጥ በሌለበት ዘመን ነው። አይተውት የማያውቁትን ሙያ እንዴት ያውቁታል? «ማን ነሽ?» ያለው ሬዚደንት ራሱ ከእነዚያ ሰዎች ነው የተማረው።

ሁለተኛው ጥፋት ግን የእኛ የመምህራኑ ነው። ፊልድ ስንልክ አብዛኛውን ወደ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ነው የምንልከው። እዚያ ተማሪው ከራሱ ዓይነት ሰው ጋር ይውላል፣ ሁሉም «ኢምፓወርመንት» ይላል፣ ሁሉም ይስማማል። ሆስፒታል ስንልክ ደግሞ ተቆጣጣሪ ይሆናል ብለን የምንፈርምለት ሰው ብዙ ጊዜ ሶሻል ወርከር አይደለም። ተማሪዋን ለብቻዋ ወንዝ ውስጥ ጥለን ዋና ተማሪ እንላታለን።

ስለ ስድስት ገጹም ኢንተርኑ ልክ ነው፣ ያስተማርናት እኛ ነን። ረጅም ስትጽፍ ነው ማርክ የምንሰጣት። እኔ አሁን አሁን ትቻለሁ። ከአንድ ገጽ በላይ የሆነ የግምገማ ወረቀት ከመጣልኝ ላዩ ላይ በቀይ እስክርቢቶ «ለማን?» ብዬ ጽፌ እመልሳለሁ። ለማን ነው የምትጽፈው? ለእኔ ከሆነ እኔ ታካሚውን አላክምም።

በነገራችን ላይ ሙያዎች አብረው እንዲሠሩ ታስቦ የተሠራ ቦታ አገራችን ውስጥ የለም እንዳይባል። ጋንዲ ሆስፒታል ያለውን የፆታ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶችና ሕፃናት የሚያገለግለውን ማዕከል እዩ። ሕክምናው፣ የሥነ ልቦና ድጋፉ፣ ፖሊሱ፣ ዐቃቤ ሕጉ አንድ ቦታ ነው። ልጅቷ ታሪኳን በየቢሮው ደጋግማ እንዳትናገር። የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታልም ቀዶ ሕክምናው ብቻ ሴቲቱን ወደ ኑሮዋ እንደማይመልሳት ገና ድሮ ነው የገባው። ተማሪን ወደ እንደዚህ ዓይነት ቦታ ወስዶ አንድ ቀን ማሳየት ከእኔ አንድ ሴሚስተር ሌክቸር ይበልጣል። ሥራዬን እያቃለልኩ መሰለኝ፣ ይሁን።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ነኝ | ማክሰኞ ማታ 2፡00

ሜሪላንድ ሆስፒታል ውስጥ ሶሻል ወርከር ነኝ፣ ማስተርሴን የሠራሁት እዚሁ ነው። ሁለት ነገር ልበል፣ አንዱ ያስቀናችኋል፣ ሌላው አያስቀናም።

ትምህርት ቤት እያለን ከነርሲንግ፣ ከፋርማሲና ከሜዲስን ተማሪዎች ጋር በቡድን ተመድበን በሽተኛ ሆና የምትጫወት ተዋናይ ትቀርብልን ነበር። የመጀመሪያው ቀን ላይ ሴትዮዋ አለቀሰች። የሜዲስኑ ልጅ ደንግጦ ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ፣ የነርሲንጓ ሶፍት ሰጠቻት፣ እኔ ደግሞ እንደተማርኩት ዝም ብዬ አብሬያት ቆየሁ። በኋላ ስንወያይ የሜዲስኑ ልጅ «አንቺ ምንም ሳትሠሪ ቆምሽ» አለኝ። ዝምታው ሥራ እንደሆነ ማስረዳት ነበረብኝ። እሱም ለምን ወረቀት እንዳገላበጠ አስረዳኝ፣ የምትወስደው መድኃኒት ውስጥ ስሜት የሚያውክ እንዳለ እየፈለገ ነበር። እኔ ፈርቶ ነው ብዬ ፈርጄበት ነበር! ያን ቀን የተማርኩት ነገር እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ።

እዚህ የጤና ሙያ ትምህርት ቤቶች ማኅበራት በ2011 ተስማምተው ያወጡት ማዕቀፍ አለ፣ አራት ነገር ላይ ነው የቆመው። እሴትና ሥነ ምግባር፣ የየራስን ድርሻ ማወቅ፣ መግባባት፣ የቡድን ሥራ። ለእኔ ከባዱ ሁለተኛው ነው። የራሴን ድርሻ በሁለት ዐረፍተ ነገር መናገር አልችልም ነበር። አስታማሚዋ «እሱ ምንድን ነው?» ስትልሽ የተንተባተብሽው ነገር ማለት ነው። አሁን የምለው ይኸውልሽ፦ «ሰው ከዚህ ወጥቶ ቤቱ ሲገባ ሕክምናው እንዳይቋረጥበት የሚያደናቅፈውን ፈልጌ ከእሱ ጋር አስተካክላለሁ።» ሰርቀሽ ተጠቀሚበት።

የማያስቀናው ደግሞ እዚህም ገነት አይደለም። ቦስተን ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ሶሻል ወርከር ወደ ሕክምናው ያስገባው በ1905 ነው። ያመጣው ደግሞ ሐኪም ነው፣ ሪቻርድ ካቦት የሚባል፣ መድኃኒት ጽፌ የምልካቸው ሰዎች ቤታቸው ምን እንዳለ ሳላውቅ ምን ዋጋ አለው ብሎ። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው ማለት ነው። ዛሬም ግን ጠዋት ስብሰባ ላይ የምጠየቀው አብዛኛውን ጊዜ «አልጋ 12 መቼ ይወጣል?» ነው። አልጋ አስለቃቂ ሆኛለሁ አንዳንዴ። ቡድን ውስጥ መግባት አንድ ነገር ነው፣ ገብቶ «ይህ ሰው ዛሬ መውጣት የለበትም» ማለት ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛውን ትምህርት ቤት አላስተማረኝም።

ከነታንያ | ማክሰኞ ማታ 2፡35

ከእስራኤል ነኝ። የእኛ ሰዎች እዚህ ሲመጡ የገጠማቸውን ልጨምር። ሐኪሙ በዕብራይስጥ እንዴት ነህ ይላል፣ ሽማግሌው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። ሐኪሙ ደህና ነው ብሎ ይጽፋል። ወይም «ልቤን አመመኝ» ይላሉ፣ የልብ ምርመራ ይላካሉ፣ እሳቸው ያሉት ግን ኀዘናቸውን ሊሆን ይችላል፣ ሆዳቸውንም ሊሆን ይችላል። በኋላ ክሊኒኮች ውስጥ አማርኛ የሚችሉ አገናኞች ገቡ፣ ብዙ ረዳ። ግን ሐኪሞቹ አገናኙን አስተርጓሚ ብቻ አድርገው ያዩት ነበር። ያለውን ቃል ተርጉም፣ በቃ። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ግን ማን ይጠይቅህ። ሶሻል ወርክ ተማሪዋ ላይ የደረሰው ይህንኑ አስታወሰኝ።

ፊልድ_ላይ_ነኝ | ማክሰኞ ማታ 3፡10

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

አንድ የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። ሰው ለእኔ የሚነግረኝ ለሐኪም የማይነግረውን ነው። አንዱ ኤችአይቪ እንዳለበት ሚስቱ አታውቅም። አንዷ ጠበል ቦታ ሄዳ መድኃኒቷን አቁማ ነበር፣ ዶክተሩ ይቆጣኛል ብላ ደብቃዋለች። ቡድን ውስጥ ገባሁ ማለት ይህን ሁሉ ላወራ ነው? ደግሞ ራውንዱ አልጋው አጠገብ ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ስድስት ሰው ተኝቷል፣ ስድስቱም ከነአስታማሚያቸው ጆሮ ናቸው።

ሲስተር_ከጎንደር | ማክሰኞ ማታ 3፡30

አልጋ አጠገብ አታውሪ። አንዴም። ሬዚደንቱን ኮሪደር ላይ ያዢው ወይም ነርሶች ክፍል ግቢ። እኛ ራሳችን ስንቱን ምስጢር በጩኸት ነው የምናወራው፣ ሊያሳፍረን ይገባል።

የጠበሏን ልጅ በሚመለከት ግን ዶክተሩ ማወቅ አለበት፣ መድኃኒት ማቆሟ ለሕይወቷ ነው። አንቺ ከመናገርሽ በፊት እሷን አስፈቅጃት። «አብሬሽ ልግባና አብረን እንንገረው» በያት። አቡነ ጳውሎስ ነፍሳቸውን ይማርና ጠበሉም መድኃኒቱም አብሮ ይወሰድ ብለው ነበር፣ ብዙ ሰው በእሳቸው ቃል ነው ወደ መድኃኒቱ የተመለሰው። ዶክተሩ ከሚቆጣ ይህን ቢነግራት ይሻላል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ነኝ | ማክሰኞ ማታ 3፡55

ሲስተር ያሉት ላይ ልጨምር። ወሬው ከመጀመሩ በፊት ነው መንገር ያለብሽ። «ከቡድን ጋር ነው የምሠራው፣ ለሕክምናዎት የሚያስፈልገውን ለእነሱ እነግራለሁ፣ ሌላውን አልናገርም» ብለሽ ጀምሪ። ሰው ከነገረሽ በኋላ ብትይው ተታለልኩ ይላል። ለማን ምን ያስፈልገዋል ብለሽ ለዪው። ሐኪሙ ልጆቻቸው የማይደውሉት ለምን እንደሆነ ማወቅ አያስፈልገውም፣ ቤት ውስጥ የሚያስታምም ሰው እንደሌለ ማወቅ ግን ያስፈልገዋል።

የሚስትየዋ ጉዳይ ይለያል፣ ሌላ ሰው አደጋ ላይ ነው። እሱን ብቻሽን አትሸከሚው። ዛሬውኑ ኤአርቲ (የኤችአይቪ ሕክምና) ክሊኒክ ያሉትን አማካሪዎች አናግሪ፣ ለዚያ የሚከተሉት አሠራር አላቸው። አንቺ ተማሪ ነሽ፣ ተማሪ መሆንሽን አትርሺ።

ኢንተርን_ሌሊት_ተረኛ | ማክሰኞ ሌሊት 6፡20

ተረኛ ነኝ፣ ትንሽ ፋታ አገኘሁ። እኔም ጥያቄ ልጠይቅ። እኛ ስህተት ስንሠራ የምታዩት እንዴት ነው የምትነግሩን? ራውንድ ላይ ሁሉም ሰው ፊት «ዶክተር፣ ሰውየው እኮ ይወጋሉ» ብትይኝ ሲኒየሩ ፊት ቆሌዬ ይገፈፋል፣ በምላሹም የምናገረውን አላውቅም። በተለይ አራት ሰዓት ካልተኛሁ።

ቾክና_ዳስተር | ረቡዕ ጠዋት 2፡30

ቅን ጥያቄ ነው። መልሱም ክፍል ውስጥ የሚገኝ አይመስለኝም። እኛ አገር ታላቅን ማረም ነውር ነው፣ ሐኪም ደግሞ በሃያ አምስት ዓመቱ ታላቅ ይሆናል። ተማሪዎቼን በጥያቄ ግቡ እላቸዋለሁ። «ዶክተር፣ መድኃኒቱን የት እንደሚያስቀምጡ ብንጠይቃቸው?» ጥያቄ ማንንም አያዋርድም። የማይሠራበት ጊዜም አለ፣ ሕይወት ላይ የመጣ ከሆነ ፊት ለፊት መናገር ነው፣ ቆሌም ተገፈፈ አልተገፈፈ።

ፊልድ_ላይ_ነኝ | ዓርብ ማታ 2፡45

ተመለስኩ!

ሐሙስ ራውንድ ከመጀመሩ በፊት ሬዚደንቱን ኮሪደር ላይ ያዝኩት። ቃል በቃል ልጻፍላችሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ ተለማምጄዋለሁ፦ «ዶክተር፣ አልጋ 9 ያሉት አባት ኢንሱሊናቸውን በየቀኑ ይወጋሉ። ግን የሚያስቀምጡት የቆርቆሮ ጣሪያ ስር አንጠልጥለው ነው፣ የሚሰጣቸው ደግሞ የሁለት ወር አንድ ላይ ነው። በቀን አንዴ ብቻ ነው የሚበሉት። ከመውጣታቸው በፊት ፋርማሲስትና ሲስተር አብረን ብናያቸው?» አንዴ ነው የተነፈስኩት።

ዝም አለ። ከዚያ «ጣሪያ ስር?» አለ። ፋርማሲስቱን ራሱ ደወለለት። ብልቃጡን ከቤት በሰው አስመጣንና አየነው፣ መልኩ ተለውጧል። አሁን በየወሩ አንድ አንድ እንዲሰጣቸው ተደረገ፣ ዶዙም ከምግባቸው ጋር እንዲሄድ ተስተካከለ። የዋርዳችንን ሲስተር ስለ ማሰሮው ስነግራት እሷም ታውቀዋለች፣ «ማን አስተምሪ ብሎኝ ያውቃል?» አለችኝ። አባትየው ግን ሳቁብን። «ይህን ለመንገር አራት ሰው ሆናችሁ መጣችሁ?» አሉ።

ሁሉም አላለቀም። የጤና መድን መታወቂያቸው ያለው አገር ቤት ወረዳቸው ነው፣ ከዚያ ሪፈር ይዘው ስላልመጡ እዚህ አያገለግላቸውም። ሦስት ቀን እየደወልኩ ነው፣ የሚያነሳው ሰው ስብሰባ ላይ ነኝ ይላል። ምግቡንም ገና አልፈታሁትም። የግንባታው ፎርማን ምሳ ከሠራተኛው ጋር ይብሉ ብሏል፣ ምን ያህል እንደሚቆይ እናያለን።

እና ሬዚደንቱ ምን አለኝ መሰላችሁ? «ማክሰኞ ትልቁ ራውንድ ነው፣ ሲኒየሩ ይኖራል፣ ነይና አንቺ አቅርቢያቸው።» እኔ! ግን ማክሰኞ ሙሉ ቀን ክላስ አለኝ፣ ሦስት ጊዜ ከቀረሁ ፈተና አልቀመጥም።

ዲግሪ_ይዤ_ቤት | ዓርብ ማታ 2፡58

ሃሃሃ ይኸው። ሆስፒታሉ በሩን ሲከፍት ዩኒቨርሲቲው ዘጋ።

(አባትየው ስለተሻላቸው ግን ደስ ብሎኛል፣ ከልቤ ነው።)

ቾክና_ዳስተር | ዓርብ ማታ 3፡05

ይህ የማይረባ ነገር ነው። ዲፓርትመንቱን አናግሪ። ተማሪ ራውንድ ላይ እንዲያቀርብ ተጋብዞ በክላስ ምክንያት ይቀራል እንዴ? የማክሰኞው ክላስ የማን ነው?

ፊልድ_ላይ_ነኝ | ዓርብ ማታ 3፡12

መምህር፣ እንዴት እንደምለው አላውቅም። ባለፈው ወር ወረቀቴ ላይ በቀይ እስክርቢቶ «ለማን?» ተብሎ ተጽፎ ተመልሶልኛል።

ቾክና_ዳስተር | ዓርብ ማታ 3፡31

...

እሺ። ማክሰኞ ሆስፒታል ዋይ። የሬዚደንቱን ፊርማ ግን ይዘሽልኝ ነይ።